የአሰልጣኝ እምሩ ግዝት

እምሩ ደመላሽ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሁለት ጣት የቀረው ሰው ነው። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። በዓለም ከተማ መንገድ ላይ ከዘራውን ይዞ፣ አንዱን እግሩን እያስከተለ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል። የኮሌጃችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። እኔ ደግሞ የኮሌጁ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ዘነበች እባላለሁ። ኳሱን የማወጣለት እኔ፣ መልሼ የምቆልፍበትም እኔ፣ ሲያጠፋ የምቆጣውም እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ አሰልጣኝ አይቻለሁ፤ ኳስ ተረክቦ ከነአየሩ የመለሰልኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት ያን ቅዳሜ በሜዳው ላይ ያደረገውን ነገር ሰው ሁሉ እንዳሻው ሲያወራው ሰምቼ ስለመረረኝ ነው። አንዱ «አበደ» ይላል። ሌላው «ስለት ነበረበት» ይላል። አንድ የሒሳብ መምህር ደግሞ «ዳኛውን ለማስፈራራት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም የነገሩ ግማሽ በእኔ እግር የተሮጠ ነው።

እምሩ የተወለደው ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቱ አቶ ደመላሽ ከበግ ጠጉር ባና ይሸምኑ ነበር። ልጁ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ እግሩ ከባናው ስር መውጣት ሲጀምር «ይሄ ልጅ ማግ ጨረሰብኝ» እያሉ ለብቻው አንድ ክንድ የሚረዝም ባና ሠሩለት። ባናው እስከ ዛሬ አልጋው ላይ አለ። በዚያ ቤት የአባት ቃል ሁለት ጊዜ አይነገርም። «ተነስ» ከተባለ ይነሳል፤ «ተው» ከተባለ ይተዋል። እምሩ ደግሞ ከልጆቹ ሁሉ ታዛዡ ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አባይነህ የሚባሉ የስፖርት መምህር ቁመቱን አይተው ቅርጫት ኳስ አስያዙት። የነበራቸው አንድ የተላጠ ኳስና ከጣውላ የተሠራ ሰሌዳ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ለዞን ተሰለፈ፣ ቀጥሎ ለክልል፤ በሃያ ዓመቱ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ወሰደው። ስድስት ዓመት ተጫወተ። ኮከብ አልነበረም፤ ነበርኩም አይልም። ሥራው ከቅርጫቱ ስር መጋፋት፣ መውደቅ፣ ሌላው እንዲያገባ ቦታ ማስለቀቅ ነበር። «እኔ ግድግዳ ነበርኩ እትዬ ዘነበች፤ ለግድግዳ ማን ያጨበጭባል?» ይለኛል።

በስድስተኛው ዓመት ጉልበቱ አበጠ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እረፍ አለው። በአሥረኛው ቀን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነበረና የሲቪል ልብሱን ለብሶ ሊያይ ሄደ። ክለቡ መመራት ሲጀምር አሰልጣኙ ፊቱ መጥቶ ቆመ። «ልበስና ግባ፤ አንድ ሩብ ብቻ» አለው። እምሩ ለበሰ። «ጉልበቴ እምቢ እያለኝ አፌ እሺ አለ» ብሎ ነው የነገረኝ። በአራተኛው ደቂቃ ዘልሎ ሲወርድ ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ድምፁን ከላይ የተቀመጠ ተመልካች ሳይቀር ሰማው። ክለቡ ያን ቀን አሸነፈ። ሆስፒታል ድረስ ጫማውን ይዛ የተከተለችው የሴቶቹ ቡድን ተጫዋች ዓለምፀሐይ ብቻ ነበረች። ከሁለት ቀዶ ጥገና በኋላ ክለቡ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተው።

የአሰልጣኝነት ኮርስ ወስዶ ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ኳስ አልነበረም። ካርቶንና ማርከር ነው። ካርቶኑን ቀደደና በትልልቅ ፊደል «አልችልም ያለች ልጅ ለምን አትባልም» ብሎ ጽፎ ልጆቹ ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔ «አበላሸኻቸው! ነገ አንዷም አትመጣም» አልኩት። እውነትም አንዲቱ ገበያ በዋለ ቁጥር «አልችልም» ማለት ጀመረች። እሱም ለምን አላላትም። በወሩ እፍረት ያዛትና ከሁሉ ቀድማ መምጣት ጀመረች። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

በአምስተኛው ዓመቱ ጽናት ገብረ አማኑኤል መጣች። የራቤል ልጅ ናት፤ አባቷ ቄስ ናቸው። ቁመቷ እንደ ማንኛችንም ነው፤ አቀርቅራ የምትሄድ፣ ስትናገር ድምፅዋን ለመስማት የሚያስጎነብስ ልጅ። የተማረችበት ትምህርት ቤት ሜዳ ከቅርጫቱ ስር ውሃ እየቋጠረ ግማሹን ዓመት ጭቃ ነው። ልጆቹ ጫማቸው እንዳይበላሽ ከጭቃው ዳር ቆመው ከሩቅ ይወረውሩ ነበር። ሌሎቹ አልገባ ሲላቸው ተዉት። ጽናት አልተወችም። እኛ ዘንድ ስትመጣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ ቆማ ከአሥር ኳስ ሰባቱን ታገባ ነበር። እምሩ መጀመሪያ ያያት ቀን ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ቀረ፤ መንፋቱንም መትፋቱንም ረሳው።

ያን ማታ ለዓለምፀሐይ ደወለ። ያቺ ጫማውን የያዘችለት ሴት አሁን የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ የሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆናለች። አንድ ዓመት ሙሉ ደወለላት። ወሬ እንኳን ሲያወሩ ነገሩን እዚያው ያመጣዋል። በመጨረሻ እንዲህ አለችው፦ «ከሩቅ ለምትወረውር አንዲት ልጅ ቦታ አለኝ። ኅዳር ላይ የኮሌጆቹን ፍጻሜ መጥቼ አያታለሁ። አንድ ቀን ነው እምሩ። ዓይኔ እያየ ከወረወረች እወስዳታለሁ። ካልሆነ ሌላ ልጅ አለችኝ።»

ለጽናት ይህ ማለት ክለብ ነው፣ ደመወዝ ነው፣ አዲስ አበባ የማታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮሌጁን የምትጨርሰው በዚያው ዓመት ነበር። ከጨረሰች ወደ ራቤል ተመልሳ ኳስ የሚባል ነገር በእጇ ላይነካ ነው። አንድ ቀን ኳስ ስትመልስልኝ «እትዬ ዘነበች፥ ኮሌጁ ሲያልቅ ኳሱም ያልቃል» ብላ እንደ እቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን ነበር ያስረከበችኝ።

ፍጻሜው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአጎራባች ወረዳ ቡድን ጋር የልምምድ ጨዋታ ተደረገ። ሜዳችን ከጀማ ወንዝ ገደል በላይ የተሰየመ ነው፤ ነፋሱ ሲነሳ ኳስን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ልብ ይወስዳል። ጽናት አራት ኳስ ከሩቅ ወረወረች፤ አራቱንም ነፋስ በላቸው። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። እምሩ ያን ቀን ጠዋት ከኮሌጁ ዲን ጋር ተጨቃጭቆ ነበር የመጣው፤ ጉልበቱም በብርድ ይነሳበታል። ደሙ ፈላና በሰው ሁሉ ፊት ጮኸባት፦

«በሚካኤል ገዝቼሻለሁ! ሁለተኛ ከዚያ መስመር ውጪ ሆነሽ ኳስ እንዳትወረውሪ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ፤ ኃጢአቴን አልደብቅም። ጽናት አልሳቀችም።

ግዝት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በመንዝና በግሼ ሁለት ወገን ደም ሲቃባ ሽማግሌ መሐል ገብቶ በታቦት ስም ይገዝታል፤ መሣሪያ የያዘ እጅ ይወርዳል። ወሰን በግዝት ይከበራል። የተገዘተበትን የሚያደርግ ሰው ከሰው ባይሆን ከላይ ያገኘዋል ይባላል፤ እንዲህ አገኘው የሚባል ሰውም ብዙ ነው። የተገዘተም የሚፈታው የገዘተው ሰው ራሱ በካህን ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ሲያምንና ካህኑ ሲፈታው ነው። እምሩ ይሄን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ግን አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኖሮ ሰው በታክሲ ወረፋ ላይ ሲገዛዘት ሰምቷል። ቃሉ በአፉ ላይ ቀልሎበት ነበር። በማግስቱ ረስቶታል።

ጽናት በማግስቱ ልምምድ መጣች። ኳስ ስትይዝ እያነጠረች ወደ ውስጥ መግባት ጀመረች። መስመሩ ጋ ስትደርስ ወይ ታቀብላለች ወይ ታልፈዋለች። እምሩ ደስ አለው። «አሁን ገባሽ! በእግርም መግባት ስትለምጂ ማን ይችልሻል!» እያለ አጨበጨበላት። እሷ አቀረቀረች። የጨዋታው ዋዜማ «ነገ እንደልብሽ ወርውሪ፤ የምትመጣው ሴት ልታይሽ የምትፈልገው ከሩቅ ስትወረውሪ ነው» አላት። አሁንም አቀረቀረች። ልጅቷ ሁልጊዜ የምታቀረቅር ስለሆነች ማንም ምንም አላለም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ዓለምፀሐይ በኪራይ መኪና መጥታ ጥቁር መነጽር አድርጋ ከፊት ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታለች። ሾፌሩ የጀማን ቁልቁለት በጨለማ አልወርድም ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ለመወርወር ከዚያ የተሻለ ቀን እግዜር አልሠራም።

በመጀመሪያው ሩብ ጽናት ሦስት ጊዜ ባዶ ቦታ ላይ ኳስ ደረሳት። ሦስት ጊዜም አቀበለች። እምሩ «ወርውሪ!» አለ። በሁለተኛው ሩብ ለብቻዋ ቀረች፤ በአጠገቧ ሰው የለም፣ ሰሌዳው ፊት ለፊቷ ነው። ኳሱን ወደ ግንባሯ አነሳች። መልሳ አወረደችው፤ ተቀምታም ገባብን። ተመልካቹ ጮኸ። «ፈርታለች» አለ አንዱ ከኋላዬ። ዓለምፀሐይ አንድ መስመር ጻፈችና እስክሪብቶዋን ከደነች። ለእረፍት ሲወጡ በሰባት ነጥብ እየተመራን ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውሃ ይዤ ስገባ እምሩ ከበላይዋ ቆሟል። ያን ያህል ገርጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ለምን አትወረውሪም? ምን ሆነሽ ነው? ሴትየዋ ልትሄድ ነው እኮ!»

ጽናት መሬት መሬት ታያለች።

«ንገሪኝ! አሞሻል?»

«አላመመኝም፥ ኮች።»

«ታዲያ ለምን?»

ካርቶኑ ከራሱ በላይ ተለጥፏል፤ «ለምን አትባልም» ይላል። እሱ ለምን ለምን ይላል። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዕንባዋን ስትይዝ ያኔ ነው ነገሩ እንደ መብረቅ የበራልኝ። የውሃውን ጀሪካን አስቀመጥኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የገዘትካት?» አልኩት።

«ምን?»

«በሚካኤል ገዝቼሻለሁ ያልካትስ? ሦስት ሳምንት ሆነው! እሷ የቄስ ልጅ ናት እምሩ! ምን ታድርግልህ?»

ዞሮ አያት። ጽናት አሁን ቀና አለች። «ረስተውት ነው ብዬ ላስታውስዎ ፈልጌ ነበር» አለች፤ «ግን ላርምዎ አፈርኩ። ካህን ጋ ይወስዱኛል እያልኩ ስጠብቅ ቀኑ ደረሰ።»

እምሩ ግድግዳውን ተደገፈ። እጁን ወደዚያ ወደማይታጠፈው ጉልበቱ ሰደደው። ያሰበውን አወቅሁት። እሱም አንድ ቀን የአሰልጣኝ ቃል ሰምቶ እምቢ ማለት አቅቶት ነበር። አሁን ያ አሰልጣኝ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

«ትቼዋለሁ» አላት በለሆሳስ። «ጽናት፥ ትቼዋለሁ። ተሳስቼ ነው። ወርውሪ።»

«ያለ ካህን?» አለች። «አጎቴ የሚካኤልን ግዝት ጥሶ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፥ ኮች። እወዳለሁ መወርወር፤ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።»

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ዛሬ ባስበው ይገርመኛል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ወጣሁ። መምሬ ኪዳነ ወልድ የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ነው፣ ከወፍጮው ማዶ ተዝካር አለ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ክብደቴን አልናገርም፣ ያን ዳገት ግን ሮጬ ወጣሁት። መምሬ ከድንኳኑ ውስጥ ገና እጃቸውን ሊታጠቡ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «አባቴ፥ አንዲት ነፍስ ታስራለች፤ ሰዓት የለንም» አልኳቸው። የሚሞት ሰው ያለ መሰላቸውና መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። እኔም መንገድ ላይ አላረምኳቸውም።

ስንደርስ ሦስተኛው ሩብ አልቆ ነበር። በአሥራ አንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ዓለምፀሐይ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቆማ፣ ለሾፌሩ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች። እምሩ ጽናትን ቀይሮ ከጎኑ አስቀምጧታል። መምሬን ሲያይ ካፖርቱን አውልቆ ተነሳ። ነገሩን በሦስት ቃል ነገርኳቸው። የሚሞት ሰው አለመኖሩን ሲያውቁ መጀመሪያ እኔን በዓይናቸው ገረፉኝ፤ ቀጥሎ ወደሱ ዞሩ።

«ማነው የገዘተ?»

«እኔ ነኝ፥ አባቴ።»

«በማን ስም?»

«በሚካኤል።»

«በምን ነገር?»

እምሩ በእጁ ሜዳውን አሳየ። «ኳስ እንዳትወረውር ብዬ።»

መምሬ ሜዳውን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። «ለኳስ ብለህ የመላእክትን አለቃ ጠራህ?» አሉት።

«በንዴት ነው። አጥፍቻለሁ። እሷን ይፍቱልኝ።»

«ያጠፋኸው አንተ ነህ። አሥራ ሁለት ስግደት ትሰግዳለህ፤ ከዚያ እፈታታለሁ» አሉና ዓይናቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እግሩን አዩት። ድምፃቸው ተለወጠ። «እግርህን አላየሁም ልጄ። ይቅር፤ በጾም እለውጥልሃለሁ። ይሄን አትችልም።»

ጽናት ከወንበሩ ተነሳች። «ኮች፥ አልችልም ይበሉ» አለችው። «የእርስዎ ሕግ ነው። ማንም ለምን አይልዎትም።»

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ አራተኛው ሩብ ያለ እሷ ተጀመረ።

እምሩ አያት። «ያኔ ይሄን ጉልበት ሳጣ ያዘዘኝ ሌላ ሰው ነበር» አላት። «አሁን ማንም አላዘዘኝም። ያሰርኩሽ እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብሎ ከሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቆመና ወደ ምሥራቅ ዞረ። ቀኝ እግሩን እንደ እንጨት ወደ ጎን ዘርግቶ በሁለት እጁ ወረደ፣ ግንባሩን መሬት አስነካ፣ በግራ ጉልበቱ ተገፍቶ ተነሳ። «አንድ» አሉ መምሬ። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ። አንዱ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ ሄጄ በጥፊ ልለው ነበር። በአራተኛው ሳቁ ቆመ። በስድስተኛው አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። በሰባተኛው ሲወርድ ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ድምፁን እኔም ሰማሁት፣ መምሬም ሰሙት። «ይበቃል» አሉ። «ይቁጠሩልኝ» አለ።

ዓለምፀሐይ ከበሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ሾፌሩ ጥሩምባ ያሰማል፤ እሷ አትሰማም። ያን ጉልበት ታውቀዋለች። መነጽሯን አውልቃ «ምን እያደረገ ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ትንፋሼ ገና አልተመለሰም፤ ቢሆንም ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከነነፋሱ። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

አሥራ ሁለተኛው ላይ እምሩ አልተነሳም። ለመነሳት ሞክሮ እዚያው በቂጡ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ። መምሬ «ሞልቷል» አሉና መስቀላቸውን ጽናት ራስ ላይ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ስም የታሰርሽበት ነገር ሁሉ የተፈታ ይሁን» ብለው አሳለሟት። ጽናት መስቀሉን ስማ ወደ ሜዳው ሮጠች። ስድስት ደቂቃ ይቀራል፤ በአሥራ ሦስት ነጥብ እየተመራን ነበር።

የመጀመሪያዋ ኳስ ቅርጫቱን ሳትነካ አለፈች። ልቤ ወደቀ። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋም ገባች። ተጋጣሚዎቻችን ደንግጠው ሁለት ልጅ መደቡባት፤ እሷ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ ከሁለቱም በላይ አሳለፈችና አራተኛዋም ገባች። ሜዳው ተናወጠ። ጓደኞቿም ነፍስ ዘሩ፤ ከውስጥም ማግባት ጀመሩ። ስምንት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ ብቻ እየተመራን ኳሱ እሷ እጅ ላይ ነበር። ወደ እምሩ አየች። እሱ ከመሬት ሆኖ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወረወረች። ኳሱ የብረቱን ቀለበት ዞረ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ወደ ውጪ ወደቀ።

ተሸነፍን። ጽናት መጥታ ከእምሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። «ሳትኩ፥ ኮች» አለች። «አየሁ» አለ። «ግን ወረወርሽ።» ዓለምፀሐይ ወደነሱ ስትመጣ ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ «ሰኞ ወረቀቷን ላክልኝ» ስትል ብቻ ነው ሁለቱም የሰሟት። ቀጥላ ጎንበስ ብላ የእምሩን የወለቀ ጫማ አነሳችለት። ሆስፒታል ድረስ ይዘንለት የሄድነው ያን ጫማ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እምሩ ያለ ከዘራ ተራምዶ አያውቅም።

ጽናት የሄደችበት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ይላል፤ እሷ አልገባም አለች።

«ኮች፥ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«በይ።»

«እዚያ ሄጄ አሞኝ ሳለ ‹ተነሺ› ቢሉኝ እነሳለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። እኔም እንደ እርስዎ ነኝ፤ ለራሴ ብዬ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ግዝት ካለብኝ ግን እችላለሁ። ግዝት ይጣሉብኝ።»

እምሩ ከዘራውን ጨበጠ። «ሁለተኛ በመልአክ ስም አፌን አልከፍትም ብያለሁ።»

«ያኔ በንዴት ነበር። አሁን እኔ ለምኜ ነው።»

እምሩ እኔን አየ፤ መንገድ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ረዳቱ በሩን ይደበድባል። «ጣልባት እንጂ!» አልኩት። «ላጠፋኸው ሰግደሃል፤ አሁን ደግሞ ለሚጠቅም አድርገው!»

ኮፍያውን አወለቀ። «በቅዱስ ሚካኤል ገዝቼሻለሁ» አላት። «ሐኪም ‹እረፊ› ካለሽ፣ ማንም ይሁን ማን ‹ተነሺ› ቢልሽ እንዳትነሺ።»

«አሜን» ብላ ጉልበቱን ሳመችና ገባች።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ እምሩ ንብረት ክፍል መጥቶ ከእኔ ጋር የተበሳ ኳስ እየለጠፍን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ዓለምፀሐይ ናት። ድምፅዋ ስለሚጮህ እኔም እሰማለሁ።

«ምን አድርገህ ነው የላክሃት ይቺን ልጅ? ነገ ፍጻሜ ነው! አንድ ሩብ ብቻ ግቢልኝ ብላት ‹ግዝት አለብኝ› ትለኛለች! ብለምናት አትሰማ፣ ብቆጣት አትሰማ!»

እምሩ የያዘውን ኳስ አስቀመጠ። «ምኗን አሟት ነው?» አለ።

«ጉልበቷ ትንሽ አብጧል።»

«ሐኪሙ ስንት አላት?»

ያ ሁሉ ጩኸት ከድምፅዋ ወጥቶ «ሦስት ሳምንት» አለች።

ከዚያ ዓለምፀሐይ «እሺ በቃ፤ ትቀመጥ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እምሩ ፊቱን በእጁ መዳፍ ጠረገና ከዘራውን ፈለገ። ልጆቹ ሜዳ ላይ እየጠበቁት ነበርና ኳሶቹን አወጣሁለት።